ጥፊ የጠገበው ስክሪን

የመኮንኖች ክበብ ኃላፊው ሻለቃ እንግዳወርቅ፣ ክበቡ ውስጥ ባለው ቁም ሳጥን የሚያክል የጌም ማሽን ሲጫወቱ ሰው ከበብ አድርጎ እንዲያደንቃቸው ይወዱ ነበር። የማሽኑ ስክሪን በደበዘዘ ቁጥር ጎኑን በጥፊ ይሉታል፤ እሱም ለጊዜው ፏ ብሎ ይበራል። አንድ ቀን ግን ቢመቱት ቢመቱት እንደደበዘዘ ቀረ።

የሰፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። ጀርባውን ከፍቶ ሲያይ፣ የውስጡ ብየዳ ከጥፊው ብዛት ተሰነጣጥቆ አገኘው። ይህን እንዴት ብሎ እንደሚናገር ሲያስብ፣ ሻለቃው ታገሡ ታገሡና አላስቻላቸውም።

«አንተ ደደብ! እስከ መቼ ታፈጥበታለህ? ለዚህ መድኃኒቱ ጥፊ ነው። በል አቅምሰው! ካልበራ ደግሞ ያበላሸኸው አንተ ነህ!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ጮኹበት።

ጠጋኙ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ሻለቃ፣ እኔንም አባቴ ጭንቅላቱ ይበራለታል ብለው ዐሥር ዓመት ሙሉ ጥፊ ሲያቀምሱኝ ነው ያደግሁት» አለ። «ምን ሆኜ እንደቀረሁ ደግሞ ይኸው አሁን እርስዎ ራስዎ ተናገሩ።»