ያላችሁበት ድረስ በነፃ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ ዛሬ «የንብ ቤት» በሉኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ማር ነጋዴዋ ንብ ቀፎዋ ደጃፍ ተቀምጣ ትብሰለሰል ነበር። ደንበኞቿ ከወንዝ ማዶ ሆነው ማር ያዝዟታል፤ አህያም ተሸክሞ ያደርስላቸዋል። ለድካሙ አንድ እፍኝ ገብስ ስትጠይቃቸው ግን «ማሩም ይቅርብን!» ይላሉ።

ብልጧ ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና፣ «አንቺ ደግሞ!» አለቻት። «ያላችሁበት ድረስ በነፃ አደርሳለሁ በያቸው። ከየማሰሮው አንድ አንድ ጣት አጉድይና በሱ ገብስ ግዢለት። ማን ያውቃል?»

ንብ ሁለት ቀን አመነታች፤ በሦስተኛው አወጀች። ማዶው ወዲያው በትዕዛዝ ተንጫጫ። አህያ ሲመላለስ ሰነበተ፣ ገብሱንም ጠገበ። ማሰሮው መጉደሉን ያየ የለም፤ ሁሉም «በነፃ መጣልን!» እያለ ጣቱን ይልሳል።

በሳምንቱ እማማ ኤሊ ማር ልትገዛ እየተንፏቀቀች ደረሰች። የማንንም ጀርባ ማስቸገር ስለማትወድ፣ እንደ ልማዷ ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ ነው። ማሰሮዋን አየት አደረገችና፣ «ልጄ፣ ጎድሏል» አለች።

«እሱማ የአህያው ቀለብ ነው፣ እማማ» አለች ንብ አፍራ። «ማድረሻው እኮ ነፃ ሆኗል።»

ኤሊ እግሮቿን አየች፤ ቀጥላ የወፈረውን አህያ አየች።

«ታዲያ እኔ ሦስት ቀን በእግሬ የመጣሁት፣ ይኼን አህያ ልቀልብ ነው?»

ንብ ማሰሮውን እስከ አፉ ሞላችላት፤ ምርቃትም ጨመረችላት። በማግሥቱም ወደ ማዶ ጮኸች፦ «ለሚመጣ ሙሉ ማሰሮ፤ ለሚቀመጥ አንድ ጣት ጎደሎ!»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ፤ ማሩን ግን ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።