ያልተለካው እግር

አንድ አናጺ ነበረ፤ ጣውላን ሁለት ጊዜ ሳይለካ መጋዝ የማያነሣ ሰው። እርሳሱ ከጆሮው፣ ሜትሩ ከኪሱ አይለዩትም። «የእሱ በር በክረምት አያብጥም፣ በበጋም አይላቀቅም» እየተባለ በሚኖርባት የደጋ ከተማ ሁሉ ይመሰገናል። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ሰው ትርንጎ የምትባል የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለችው፤ ሯጭ ናት። አንድ የሩጫ ክለብ ስድስት ልጆች ሊመለምል ማጣሪያ አዘጋጀ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አሠልጣኟ አባትየውን አስጠርቶ የጫማዋን ሶል አሳየው፤ አልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

«ጋሼ፣ ልጅቱ እግር አላት፤ ጫማ ግን የላትም። በዚህ ከሮጠች ጉልበቷን እናጣዋለን» አለው።

አባት ደነገጠ። በከተማው ሱቅ ያለው ጫማ ከዐቅሙ በላይ ሆነበት፤ ስለዚህ ስልኩን አነሣና ወደ ኢንተርኔት ገበያ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ደኅና ጫማ በደኅና ዋጋ አገኘ። ትርንጎም እግሯን ዘርግታ፣ «በል አባዬ ለካኝ፤ ቁጥሬን እንንገራቸው» አለችው።

«ቆይ ልጄ፤ ነገ ይረክሳል።»

በማግስቱ ረከሰ። ታዲያ ገዛውን? አልገዛውም። ዛሬ የረከሰ ነገ ይብሱን ይረክሳል ብሎ ተወው። በሦስተኛው ቀን ዋጋው ተመልሶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ዕረፍት አጣ። መላጊያውን አስቀምጦ ስልኩን ያያል፤ ማዕድ ቀርቦ ስልኩን ያያል። «ቅናሹ ሊያበቃ አርባ ደቂቃ ቀረው» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ቁልቁል ሲቆጥር ልቡም አብሮ ይቆጥራል። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ሌላ አርባ ይተካል፤ እሱም እንደገና ይጨነቃል። ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ቀረው። አንድ ሳምንት ቀረው።

ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ፣ «አንተ ሰው፣ ልጅቱ የምትሮጠው በጫማ ነው በቅናሽ?» ብትለው፣ «አንቺ ገበያ አታውቂም» አላት።

አራት ቀን ሲቀረው ጫማውን በግማሽ ዋጋ አገኘው። ሊገዛ ሲል ገበያው ጠየቀው፦ ቁጥር ስንት? ቅናሹ ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ትርንጎ ደግሞ ትምህርት ቤት ናት። ወደ ጓዳ ሮጠ፤ አሮጌውን የሩጫ ጫማዋን ከአልጋ ሥር ጎትቶ ገለበጠው። አርባ ይላል። አርባ ብሎ ላከ።

ገዝቶስ ዐረፈ? አላረፈም። ጎረቤቱ አቶ ማንደፍሮ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «አማቼ ስልክ ቢያዝ ሳሙና ነው የመጣለት። ላንተ ድንጋይ ይልኩልሃል፤ ለመሠረት ይሆንሃል!» እያለ ሣቀበት። አናጺው ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ድንጋይ በሐሳቡ ተሸክሞ ዋለ።

ዕቃው የደረሰው በማጣሪያው ዋዜማ ነበር። ካርቶኑን በመሮ ከፈተው። ጫማ ነው! እውነተኛ፣ አዲስ ጫማ!

«ማንደፍሮ! ና ድንጋዩን እይ!» ብሎ ጮኸ።

ትርንጎ እግሯን አስገባች። ከተረከዟ ኋላ የአባቷ አውራ ጣት ገባ።

«አርባ ነው እኮ! ያንቺው ቁጥር!»

ልጅቱ አቀረቀረች። «አባዬ፣ አሮጌውን የገዛኸው ‹ታድግበታለች› ብለህ ነው። አላደግሁበትም። ሦስት ዓመት ጫፉ ላይ ጨርቅ እየጠቀጠቅሁ ነው የሮጥሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለካኝ አልሁህ።»

በማግስቱ በአዲሱ ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቃ ሮጠች። እስከ መጨረሻው ዙር አራተኛ ነበረች። በመታጠፊያው ላይ አንዱ ጫማ ከእግሯ ወለቀ። አልቆመችም፤ በአንድ ጫማ እያነከሰች ገባች። ሰባተኛ ሆነች። የሚፈለጉት ስድስት ናቸው።

ያ ኩሩ ሰው፣ ለማንም አጎንብሶ የማያውቅ ሰው፣ የሜዳውን ገመድ አልፎ ሣሩ ላይ በተቀመጠችው ልጁ ፊት ተንበረከከ። ጫማው የመጣበትን የካርቶን ክዳን ከእግሯ ሥር አነጠፈ፤ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ ዙሪያውን አሠመረ። ያን ጊዜ ነው የጠቆሩትን ጥፍሮቿንና የቆየውን ጠባሳ ያየው።

«ሠላሳ ሰባት» አለ። «የሚቀጥለው ማጣሪያ መቼ ነው?»

«በዓመቱ፣ አባዬ።»

ወገኖቼ፣ እስኪ ፍረዱ። ሻጩ አታለለውን? አላታለለም፤ የተጠየቀውን ላከ። አባትየው ልጁን ይጠላልን? ስለ እርሷ አይደለምን እንቅልፍ ያጣው? ድንጋይ ይመጣል ብሎ ፈራ፤ የመጣው ግን መልካም ጫማ ነበር። ጣውላን ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው፣ የልጁን እግር አንድ ጊዜ ሳይለካ ቀረ።

እናንተስ? ለቤታችሁ ትሮጣላችሁ፤ ዐውቃለሁ። ርካሹን ፍለጋ ትንከራተታላችሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ትሠጋላችሁ። ነገር ግን የምትደክሙለትን ሰው ያወቃችሁት መቼ ነው? በዛሬው ልኩ ነው ወይስ ከሦስት ዓመት በፊት ‹ያድግበታል› ብላችሁ ባለፋችሁት ቁጥር? ሚስትህ «ስማኝ» ስትልህ «ቆይ» ያልሃት ስንት ጊዜ ነው? እናትሽ «ነይና እዪኝ» ስትልሽ በእግርሽ ፈንታ ብር የላክሽላት ስንት ጊዜ ነው? ጨርቅ እየጠቀጠቀ የሚሮጥላችሁ ሰው በየቤታችሁ አለ፤ እንዳያስከፋችሁ ብሎ ዝም ብሏል።

በእግዚአብሔር ፊት መንበርከክን እናውቅበታለን። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ በሰው እግር ፊት ተንበርከኩ፤ ለኩት፤ ቁስሉንም እዩ። «ነገ» አትበሉ። ለዚያ አናጺ አንድ ዓመት ተጨመረለት። የእኛ ማጣሪያ ስንት ቀን እንደቀረው ግን ከመካከላችን የሚያውቅ ማን ነው?