ምን በደልኩ የተባለው ውሻ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ዛሬ ላሟ ትረፍ። የዛሬው ተረት የውሻ ነው። ስለዚህ «የጎረቤት» ብላችሁ መልሱልኝ። ተረት ተረት።

የጎረቤት።

አዎ፣ እንዲያ ነው። በሉ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን ደብሬና እንጉዳይ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የሁለቱም ባሎች ሞተዋል። ልጆቻቸውም ተድረው ርቀዋል። ቤታቸው ጎን ለጎን ነበርና በመካከላቸው ያለው አንድ አጥር ብቻ ነበር። የአንዷ እሳት ሲጠፋ ከሌላዋ ፍም ትወስዳለች። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከወዲያ ሆና «ይማርሽ» ትላለች።

አንድ ቀን የደብሬ ዶሮ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እንጉዳይ ጓሮ ገባች። እዚያም ጉሎው ሥር እንቁላል ጣለች። ደብሬም ወንዝ ወረደችና ልብስ በሚያጥቡት ሴቶች ፊት፦ «ዶሮዬ እኔ ቤት ትበላለች፣ እንጉዳይ ቤት ትጥላለች። እንጉዳይ ምን ቸገራት፣ ሳትቀልብ ትበላለች» አለች። ቀልዷን ነበር። ሴቶቹም ሳቁ። ወሬው ግን ከደብሬ ቀድሞ መንደር ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጉዳይ ደብሬን አላናገረቻትም። ደብሬም ምክንያቱ አልገባትም። ደግሞም ኩሩ ነበረችና ገብታ አልጠየቀችም።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ቡችላ አመጣችና ስሙን «ምን በደልኩ» አለችው። አመሻሽ ላይ አጥሩ ጥግ ትቆምና፦ «ምን በደልኩ፣ ምን በደልኩ» እያለች ትጣራለች። ውሻው ይመጣል። መልስ ግን አይመጣም።

እንጉዳይም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ሴት ቡችላ አመጣችና ስሟን «ታውቂዋለሽ» አለቻት። ከዚያም አመሻሽ ላይ በዚህ በኩል፦ «ምን በደልኩ፣ ና» ሲባል፣ በዚያ በኩል፦ «ታውቂዋለሽ፣ ነይ» ይባላል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ይስቁ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

ምን በደልኩ ጥሩ ውሻ ነበር። ቀን ከበቆሎው ማሳ ጦጣ ያባርራል፣ ማታ የደብሬ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ደብሬ ሌላ የምታዋራው ሰው አልነበራትም። ውሎዋን የምትነግረው ለእሱ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ጠራችው። ውሻውም ሊነሣ ሞከረ። የፊት እግሮቹ ተነሡ፣ የኋላዎቹ ግን አልተከተሉትም። ወገቡን መሬት ለመሬት እየጎተተ መጣና እግሯ ሥር ወደቀ። ትናንት ጦጣ ሲያባርር የዋለ ውሻ ነው። ደብሬ ደነገጠች። ወገቡን ዳሰሰች። ስብራት የለም። እግሩን አየች። ቁስል የለም። ጨርቅ አሙቃ ገላውን አሸችው። ጆሮው ሥር ስትደርስ አንድ ድቡልቡል ነገር እጇን ነካት። የጉሎ ፍሬ መሰላት። በልቧም፦ «ይሄ ደግሞ ከዚያች ሴት ጉሎ ነው» አለችና ተወችው።

በማግስቱ የፊት እግሮቹም መዛል ጀመሩ። ድምፁም ጠፋ። ሊጮህ ሲል ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሹክ ብቻ ይላል። ጎረቤቶች መጡ። አንዷ፦ «ሰው መትቶት ነው» አለችና ወደ አጥሩ አየች። ደብሬም፦ «እኔ ማንንም አልጠረጠርኩም» አለች። ያለችው ግን አጥሩን አልፎ እንዲሰማ አድርጋ ነው።

ከዚያም የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ድንበሩ መጡ። ውሻውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

፦ «ደብሬ፣ ሰሞኑን ጅብ ወንዙን እየተሻገረ ነው። የወደቀ ውሻ ከሸተተው ግቢሽ ይገባል። ከዚያ የሰው ጥጃ ይለምዳል። ነገ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥተን ወደ ገደሉ እንወስደዋለን።»

፦ «ጥቂት ቀን ይስጡኝ፣ አያ።»

፦ «ነገ አልኩሽ። እስከ ነገ ከቆመ እኔው ራሴ ሥጋ አመጣለታለሁ።»

ያን ዕለት አመሻሽ ደብሬ አልተጣራችም። ማንን ትጥራ? ውሻው እግሯ ሥር ነው። እንጉዳይ በወዲያ በኩል ወጣችና፦ «ታውቂዋለሽ፣ ነይ» አለች። ከዚህ በኩል ምንም የለም። ብቻዋን ስትጣራ የገዛ ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት። ገብታ በሩን ዘጋችና ቆማ ቀረች።

ሲነጋ እንጉዳይ አጥሩ ጥግ መጣች። ቀድሞ ማናገር ግን ከበዳትና ወደ ውሻዋ ዞራ፦ «ታውቂዋለሽ፣ የዚያ ቤት ውሻ ምን ሆነ?» አለች።

ደብሬም ወደ ራሷ ውሻ ዞረችና፦ «ምን በደልኩ፣ የኋላ እግሬ ከዳኝ በላት» አለች።

፦ «ታውቂዋለሽ፣ ስንት ቀንህ ነው በይው።»

፦ «ምን በደልኩ፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው በላት። ዛሬ ማታ ገደል ሊወስዱኝ ነው በላት። የመታኝ ሰው ካለም እግዜር ይየው በላት።»

እንጉዳይ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ከዚያም፦ «ታውቂዋለሽ፣ እኔ ውሻ የሚመታ እጅ የለኝም በያት። ጆሮው ሥር አይታለታለች ወይ ብለሽም ጠይቂያት» አለች።

ደብሬ ተናደደችና ውሾቹን ረሳቻቸው።

፦ «ጆሮው ሥርማ የጉሎ ፍሬ ነው ያለው። ያውም ያንቺ ጉሎ።»

፦ «የኔ ጉሎ ዘንድሮ መቼ አፈራ?» አለች እንጉዳይ።

ሁለቱም ወደ ጉሎው አዩ። እውነትም ቅጠል ብቻ ነበር።

እንጉዳይም የደብሬ ዶሮ በሾለከችበት ቀዳዳ እየዳኸች ገባች። ወፍራም ነበረችና ሁለት እንጨት ሰበረች። የውሻውን ጠጉር ገለጥ አደረገች። ያ ድቡልቡል ነገር ግራጫ ነው፣ አብጧል፣ ሥሩ ትንንሽ እግሮች አሉት።

፦ «የጉሎ ፍሬ እግር አለው እንዴ?»

፦ «መዥገር ነው» አለች ደብሬ ቀስ ብላ። «ግን መዥገር ስንቴ ነቅዬለታለሁ። መዥገር ውሻ ይጥላል?»

፦ «አንዳንዱ ይጥላል። የኔም ግልገል እንዲህ ሆና ነበር። ሲነቀልላት ነው የተነሣችው። ይልቅ ወረንጦ አምጪ።»

ደብሬ የውሻውን ራስ ያዘች። እንጉዳይ መዥገሩን ከቆዳው አጠገብ በወረንጦው ያዘችና ሳትጠመዝዝ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ሳበችው። ወጣ። ከዚያም ሁለቱ በአራት እጅ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ፈተሹት። ጣቶቹ መካከል አንድ ሌላ አገኙ። ሁለቱንም እሳት ውስጥ ጣሏቸው።

ውሻው ግን አልተነሣም። ቀትር ሆነ፣ አልተነሣም።

፦ «ግልገልሽ ወዲያው ነው የተነሣችው?»

፦ «አድራ ነው።»

፦ «የኔ ውሻ ግን የሚያድርበት ሌሊት የለውም» አለች ደብሬ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ድንበሩ ከሁለት ሰዎች ጋር ቃሬዛ ይዘው መጡ። ደብሬ ውሻውን አቅፋ ተቀመጠች። እንጉዳይ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

፦ «አያ ድንበሩ፣ ውሻው ዛሬ እኔ ቤት ያድራል። እኔም ጥጃ አለኝ። ጅብ ከመጣ የኔን ጥጃ ይውሰድ፣ ማንንም አልከስም።»

አያ ድንበሩ አንዴ እንጉዳይን፣ አንዴ ደብሬን አዩ።

፦ «እናንተ ከመቼ ወዲህ ነው የምትነጋገሩት?»

፦ «ከጠዋት ጀምሮ» አለች እንጉዳይ።

እሳቸውም ሳቃቸውን ዋጡና፦ «በሉ፣ ቃሬዛው በከንቱ አይመለስ። እዚያው አድርሱት» አሉ። ውሻውም እንደ ትልቅ ሰው በቃሬዛ ተጭኖ እንጉዳይ ቤት ገባ። ጥጃዋም እሱም እቤት ውስጥ አደሩ። በሩም በግንድ ተደገፈ።

ጎህ ሲቀድ ደብሬ እየሮጠች ሄደች። እንጉዳይ በሩን ከፈተችላት። ደብሬም ፈራ ተባ እያለች፦ «ምን በደልኩ» ብላ ጠራች። ጅራቱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያም የፊት እግሮቹ ተነሡ። ከዚያም የኋላዎቹ። ወደቀ። ደግሞ ተነሣ። ጠላ እንደበዛበት ሰው እየተንገዳገደ ወጣና ወደ እንጉዳይ ጉሎ ሄደ። እዚያም አንዱን የኋላ እግሩን አነሣና በሦስቱ ቆሞ ሸና። ረጅም ሸና። ደብሬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንጉዳይም ሳቀች። ከዚያ ደብሬም እያለቀሰች ሳቀች።

ሲረጋጉ ደብሬ አቀርቅራ፦ «እንጉዳይ እህቴ፣ እስቲ ዛሬ ንገሪኝ። ምን በደልኩ?» አለች።

ውሻው ስሙን ሰማና እየተንገዳገደ መጣ።

፦ «አንተን አይደለም» አለችው።

እንጉዳይም፦ «ታውቂዋለሽ» አለች። የሷም ውሻ እየሮጠች መጣች።

፦ «አላውቀውም፣ ማርያምን።»

፦ «ወንዝ ዳር ሌባ አደረግሽኝ። እንቁላሉን ሸለምጥማጥ ነው የበላው። ቅርፊቱን ይዤ ላሳይሽ ስመጣ ወሬሽ መንገድ ላይ አገኘኝ።»

ደብሬ አፏን ያዘች። «ቀልዴን እኮ ነበር» ልትል ነበር፣ ግን አላለችም። «በድያለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለች።

፦ «ይቅር ለእግዜር» አለች እንጉዳይ። «ዶሮሽን ግን እሰሪያት።»

አያ ድንበሩም ቃላቸውን ጠበቁና ሥጋ ያለበት አጥንት አመጡለት። የአጥሩ ቀዳዳ ሰፍቶ በር ሆነ። የውሾቹን ስም ግን መለወጥ አልተቻለም። ለምደውታልና በሌላ ስም ሲጠሩ አይመጡም። ስለዚህ እስኪያረጁ ድረስ አመሻሽ ላይ አንዷ፦ «ምን በደልኩ»፣ ሌላዋም፦ «ታውቂዋለሽ» እያሉ ይጣሩ ነበር። ያን የሰማ መንገደኛ የተጣሉ ይመስለው ነበር። እነሱ ግን አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚጣሩት።

ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፣ ለኔም አንድ እሸት ጥበሱ።