ግፊ የማይፈልገው መኪና

አንድ ሹፌር ነበረ፤ መንበሩ ይባላል። በዚያ መንገድ ላይ የእሱን ያህል አሮጌ የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው አልነበረም። የመኪናው ቀለም ድሮ ምን እንደነበር ባለቤቱ እንኳ አያስታውስም፤ የግራ በሩ የሚዘጋው በሽቦ ነው። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። እህል ተጭኖ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን እያጉረመረመ ይወርዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳያጓድል ቆላ ገበያ ይደርሳል።

የመኪናው ሕመም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዲናሞው ነው። የድሮ ዲናሞ ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ሲሮጥ ባትሪውን ይሞላል፣ ሞተሩ ዝግ ሲል ይለግማል። መንበሩ ደግሞ ያን ዳገት የሚወጣው በጉም ውስጥ ነው፤ መብራቱንና የመስታወት መጥረጊያውን አብርቶ እንደ ኤሊ ይጎተታል። ዲናሞው ከሚሰጠው ይልቅ የሚጠፋው ይበልጣል። ስለዚህ መኪናው ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ባትሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ጉም በር የምትባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር አለች። እዚያ ሳይቆሙ ማለፍ አይቻልም፤ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ሞተሩም ጠፍቶ ማረፍ አለበት። መንበሩ ሞተሩን አሳርፎ፣ ውሃ ጨምሮ፣ በስመአብ ብሎ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው ጭጭ ይላል። ቦታው ሜዳ ስለሆነ ተንከባሎ እንዲነሳ ማድረግም አይቻልም፤ ቁልቁለቱ የሚጀምረው መቶ እርምጃ ያህል አልፎ ነው። ያለው አማራጭ ግፊ ብቻ ነው።

ጉም በሮች ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ገፉለት። መኪናው ጭጭ ማለቱን ሲያዩ ወንዱም ሴቱም ከየቤቱ ይወጣል፤ ለገበያ ያዘጋጁትን ድስትና እንስራ መንገድ ዳር ያስቀምጡና «ሆ!» ብለው ይገፋሉ። ሞተሩ ሲነሳ መንበሩ ፍሬን ይዞ፣ «በሉ ውጡ፣ ከገፋችሁ አይቀር ገበያ ላድርሳችሁ» ይላቸዋል። ሸክላቸውን በገለባ ጠቅልለው እህሉ ላይ ይደረድሩና አብረውት ይወርዳሉ። እሱም ሲያወርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ብድራችሁን መላሽ ያድርገኝ!» ይህን የሚለው ለወጉ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር። ማሳፈሩን እንደ ውለታ አልቆጠረውም። መኪናው መቼም ወደ ገበያ መሄዱ አይቀር፤ ሰዎቹ ግን ትከሻቸውን ሰጥተውታል።

አንድ ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ እትዬ አንጓች የምትባለው ሸክላ ሠሪ ስትገፋ አዳልጧት ወደቀች፤ ጉልበቷም ክፉኛ ተጎዳ። ሴትየዋ ከመንበሩ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ከሁሉም ቀድማ የምትወጣውም እሷ ናት። ስታነክስ ሲያያት፣ «ለአንድ ብረት ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ከማስቸግር እጄ ይቆረጥ!» አለ። ያጠራቀማትን ይዞ ኑረዲን ወደሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ሄደ።

ኑረዲን ኮፈኑን ከፍቶ ዲናሞውን ሲያይ ሳቁ መጣ። «ጋሽ መንበሩ፣ ይሄ እኮ መሮጥ ሲተዉ መስጠት የሚተው ነው። አልተርኔተር ላስገባልዎት፤ እሱ ቆመውም ይሞላል» አለው።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አሮጌው መኪና ለአዲሱ ዕቃ የሚሆን ማሰሪያ አልነበረውም፤ ኑረዲን ብረት ቆርጦ፣ በይዶ፣ እያጠፈ አበጀለት። ቺንጋውን ለወጠ፣ ኃይሉን የሚቆጣጠረውን የድሮውን ሬጉሌተር ነቅሎ ጣለ፣ ሽቦውን ከሥር ጀምሮ አዲስ ዘረጋ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ፣ መብራቱን አበራው። መብራቱ ቦግ አለ። መንበሩ ያንን ነጭ ብርሃን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ኑረዲንንም ግንባሩን ሳመው። ያሰበው ስለ ራሱ አልነበረም። «ጉም በሮች ተገላገሉ!» ነው ያለው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉም በር ሲደርስ እንደ ሙሽራ ቤት ሚዜ ደስ ብሎት ነበር። ሞተሩን አሳረፈ፣ ውሃ ጨመረ፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናው በአንዴ ተነሳ! ሰዎቹ ገና ሸክላቸውን ተሸክመው ከየደጃቸው እየወጡ ነበር። መንበሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ተገላገላችሁ! ከእንግዲህ አትገፉም! እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ክላክሱንም ረጅም አድርጎ ነፍቶ ሄደ። በስፖኪዮው ሲያይ ሰዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ቀርተዋል። ገርሟቸው ነው ብሎ አሰበ። ቁልቁለቱን ሙሉ እያንጎራጎረ ወረደ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከቤቱ የወጣ ሰው የለም። በሦስተኛውም እንደዚያው። መንበሩ ብቻውን ውሃ ጨምሮ፣ ብቻውን ቁልፍ አዙሮ፣ ብቻውን ወረደ። ገበያ ውስጥ ደግሞ የሸክላ ተራው ባዶ ነበር። ሰዎቹ በሌላ መኪና ይመጣሉ ብሎ ገምቶ ነበር፤ ገበያ ለገበያ ሲፈልጋቸው ግን አጣቸው።

በአራተኛው ቅዳሜ ገበያው ሊበተን ሲል እትዬ አንጓች በምርኩዝ እያነከሰች መጣች። ከጀርባዋ ያወረደችው ቅርጫት ውስጥ ካሉት ስድስት ድስቶች አራቱ ተሰብረዋል።

መንበሩ ደንግጦ ሮጠ። «እትዬ አንጓች! በእግርሽ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«በምን ልመጣ ኖሯል?»

«እኔ እኮ እደጃችሁ ቆሜ ነበር! ለምን አልተሳፈርሽም?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። «ሳንገፋ?» አለችው።

«አዎ፣ ሳትገፉ!»

«ሳንገፋማ በምን አፋችን እንሳፈር? ሳይጠሩን አቤት እንበል? ስንገፋ ደክመንበታል፤ እህሉ ላይ ቀና ብለን እንቀመጣለን። ሳንገፋ ከወጣን ግን ምጽዋት ነው። እኛ ሸክላ እንሸጣለን እንጂ አንለምንም። ደግሞም ‹ተገላገላችሁ› ብለኸን ክላክስህን ነፍተህ ሄድክ፤ እኛም ሰለቸነው አልን።»

መንበሩ የተሰበሩትን ድስቶች እያየ፣ «የጉልበትሽን መቁሰል አይቼ እኮ ነው። ለእናንተ ብዬ ነው ያሠራሁት» አላት።

«አውቃለሁ፣ ክፉ አይደለህም» አለች አንጓች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ስማኝ መንበሩ። እኛ ሞኞች አይደለንም። መኪናህ ድሮም ደህና እንደነበር እናውቃለን። ያን ሁሉ እህል ይዞ ዳገቱን የወጣ ሞተር ሜዳ ላይ እምቢ ይላል? ያውም በገበያ ቀን? ያውም እኛ ደጅ? ሌላው ሹፌር ሸክላ ሠሪ ሲያይ መስኮቱን ይዘጋል። አንተ ግን እንዳናፍር ብለህ ምክንያት ትፈጥርልን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቤታችን ‹ብድሩን መላሽ ያድርገን› ስንልህ ነው የኖርነው።»

«ኧረ በሥላሴ!» አለ መንበሩ። «ባትሪው እውነቱን ነው፣ ሞቶ ነበር እኮ!»

«ተው እንግዲህ» አለችና ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። አላመነችውም። ያን ቀን ሸክላ ባይሸጥም፣ ደግ ሰው ደግነቱን ሲክድ ማየቷ ደስ አሰኝቷት ነበር።

መንበሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ እየሳቀ ያለቅስ ነበር ይባላል። እሱ የእነሱ ባለዕዳ ነኝ ሲል፣ እነሱ ደግሞ የእሱ ባለዕዳ ነን ሲሉ ኖረዋል። እንዲህ እየተመራረቁ እንዲኖሩ ያደረጋቸው አንድ የሞተ ባትሪ ነው። እሱም ያንን ባትሪ ለደግነት ብሎ ከመሃላቸው አነሳው።

በማግስቱ ኑረዲን ዘንድ ሄዶ፣ «ዲናሞውን መልስልኝ» አለው።

«ጋሽ መንበሩ፣ አሞዎታል እንዴ? በዚያ ጭል ጭል በሚል መብራት ጉም ውስጥ ገደል እስኪገቡ ነው የምንጠብቀው? አልመልስም!» አለ ኑረዲን። እውነቱን ነበር። መንበሩም ነገሩን አስቦበት ተወው። የተሻለ ነገር አግኝቶ ወደ ድሮው መመለስ ጅልነት እንጂ ምስጋና አይሆንም። ችግሩ መኪናው መዳኑ አልነበረም። መኪናው ሲድን ሰዎቹ የሚገቡበት በር መዘጋቱ ነበር። ያን በር ማን ይክፈተው? ቁልፉ ያለው በእሱ እጅ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንበሩ ጉም በር ላይ ቆመ። ሞተሩን አሳረፈ፣ ውሃ ጨመረ። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን እያከከ ቆመ። ክላክሱንም አልነፋም። ግን ባይወጡስ?

ብዙ ቆየ። በመጨረሻ የእትዬ አንጓች በር ተከፈተ። በምርኩዟ እያነከሰች መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ምን ሆነ?» አለችው።

«እምቢ አለ።»

«አዲሱ ዕቃስ?»

«አዲስም እኮ ያረጃል፣ እትዬ አንጓች» አላት፤ ውሸት ስለማይችልበት ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሴትየዋ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ መንደሩ ዞራ፣ «ኑ እናንተ!» ብላ ተጣራች። «የመንበሩ መኪና እምቢ ብሏል! ሸክላችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሰዉ እየተሳሳቀ ወጣ፤ ድስቱም እንስራውም መንገድ ዳር ተደረደረ። እትዬ አንጓች ምርኩዟን ልትጥል ስትል መንበሩ ያዛት። «አንቺ በዚህ በታመመ ጉልበትሽ አትገፊም፤ አንቺ አስገፊ» አላት። ኮፈኑን ዘግቶ፣ ቁልፉን መልሶ ሰክቶ መሪውን ያዘ። እሷም ከመኪናው ኋላ መንገዱ መሃል ቆማ «ሆ!» አለች፣ ሌላው ገፋ፤ መኪናው መቶውን እርምጃ ሄዶ ተነሳ። ሁሉም ቀና ብለው እህሉ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሮች መንበሩን መቀለጃ አደረጉት፤ «አልተርኔተር አስገብቶ የሚያስገፋ!» ይሉታል። ኑረዲንም ስሜን አስጠፋህ ብሎ አኩርፎት ከርሞ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ታረቀው። አንጓች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ያመነችው ነገር ስህተት ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ግን እውነት ሆነ።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም በሆነ ዘመን ባትሪያችን ሞቶ በሰው ትከሻ የተነሳን ነን። እግዜር ሲረዳን ጉድለታችን ይሞላል፤ ይሙላም፣ ተመስገን ማለት ነው። ነገር ግን ሰው ወደ እኛ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጉድለታችን በኩል ነው። ምንም አልፈልግም ያልነው ቀን፣ ገፍቶ ያስነሳን ሰው እኛ ዘንድ የሚመጣበት መንገድ ይጠፋዋል። ውለታ መመለስ ማለት «ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም» ብሎ ክላክስ ነፍቶ መሄድ አይደለም። አንዳንዴ የምንችለውን ነገር ትተን፣ የሰውን እጅ መጠበቅ ነው።

እናንተንስ የገፏችሁ እነማን ነበሩ? ዛሬ ቁልፍ ስታዞሩ በአንዴ ስትነሱ፣ እነሱ ሸክላቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው እንደሆነ በስፖኪዮ አይታችኋል?