ሦስት ጊዜ የተቀዳው ጉድጓድ

አንድ የምድር ሳይንስ ተማሪ ነበር፤ ስሙ አስረስ ይባላል። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። ድንጋይ አገላብጦ አይቶ ከየት እንደመጣ የሚናገር፣ የአፈሩን ቀለም አይቶ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚገምት ጎበዝ ልጅ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ታሪኩን ስትጨርሱ እንዳትረግሙት ብዬ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ረግሜዋለሁ።

አስረስ ለመመረቂያ ጽሑፉ የከርሰ ምድር ውሃ ሊያጠና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወዳለች አንዲት መንደር ወረደ። መንደሯ ሁለት ውሃ ነበራት። አንዱ ዳገቱ ላይ ያለ ምንጭ ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሌላው እዚያው ቤቶቹ መሀል የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ሲሆን የእጅ ፓምፕ ተገጥሞለታል። የደከመው ከጉድጓዱ ይቀዳል፣ አቅም ያለው ምንጩ ድረስ ይወጣል።

ሸጊቱ የምትባል እናት ምንጩ ድረስ ከሚወጡት አንዷ ነበረች። ቦንቱ የምትባል ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት፤ ለእሷ ስትል በየጠዋቱ ጄሪካኗን አዝላ ዳገቱን ትያያዘዋለች። "የጉድጓዱ ውሃ ለብ ይላል፣ ልቤ አይወደውም" ትል ነበር። ለምን እንደማይወደው ግን ራሷም አታውቅም። አስረስን መንገድ የመራችው፣ ውሃ ለምርመራ የሚቀዳባቸውን ጠርሙሶች የያዘችለት እሷ ናት። ጉድጓዱ ጋ ሲሠራ ደግሞ ቦንቱ የጠርሙሶቹን ክዳን እየቀማችው ትሮጣለች፤ እሱ ያባርራታል፣ እሷ ትስቃለች፣ መንደሩም አብሮ ይስቃል።

አስረስ ከምንጩ አንድ ጊዜ ቀዳ። ከጉድጓዱ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ቀዳ። የያዛት ትንሽ መለኪያ ያሳየችው ቁጥር ስላላማረው፣ ልድገመው፣ ላረጋግጥ ብሎ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሊሄድ ሲል ሸጊቱ ጠየቀችው።

"ወንድሜ፣ ውሃችን እንዴት ነው ታዲያ?"

"ቤተ ሙከራ ገብቶ ነው የሚታወቀው። ውጤቱን ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ።"

"በል እንግዲህ፣ እንጠብቅሃለን።"

በሁለተኛው ወር ውጤቱ ወጣ። ምንጩ ንጹሕ ነው። ጉድጓዱ ግን ፍሎራይድ ሞልቶበታል። ፍሎራይድ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዝ፣ ሲቆይ ደግሞ አጥንታቸውን የሚያጣምም ነገር ነው። አስረስ ክው አለ። ወረቀቱን ይዞ ወደ አማካሪው ሮጠ።

አማካሪው እስከ መጨረሻው ሰማውና "አስረስ፣ ጽሑፍህን በፈታኞች ፊት ሳታቀርብ ውጤት አይወራም" አለው። "ቁጥሩ ተሳስቶ ቢሆንስ? ሕዝብ ልታስደነግጥ ነው? መጀመሪያ ጨርስ።"

ሲሰሙት ስህተት አይመስልም፣ አይደል? ለአስረስም አልመሰለውም። የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ ቁጥር ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነበር። "ለጊዜው ከምንጩ ጠጡ" ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እሱ ግን ልጨርስ አለ።

መጨረሱ ዓመት ወሰደበት። ምዕራፍ ሁለትን እንደገና ጻፍ ተባለ። ካርታው ቀለሙ ይስተካከል ተባለ። በመጨረሻ በፈታኞቹ ፊት ቆሞ ሥራውን ሲያቀርብ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብለው አጨበጨቡለት። ጽሑፉ በጥቁር ጥራዝ፣ በወርቃማ ፊደል ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገባ። የምስጋናው ገጽ ላይ "ለትብብራቸው የመንደሩን ነዋሪዎች አመሰግናለሁ" ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፏል። ከመንደሩ ያንን ገጽ ያነበበ አንድም ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ያዘ፣ ትዳር መሠረተ። ክረምቱ ሲወጣ እሄዳለሁ አለ። በዓሉ ሲያልፍ እሄዳለሁ አለ። ጊዜው እየራቀ ሲመጣ ደግሞ ሐፍረት ተጨመረበት፤ አሁን ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ እያለ መንደሯን ከነጭራሹ ማሰብ ተወ። ወይ ሰው መሆን! ሁላችንም እናውቀዋለን ይህን።

በዘጠነኛው ዓመት ተመለሰ። የተመለሰው ግን ውጤቱን ሊናገር አልነበረም፤ ለዶክትሬት ጥናቱ ተጨማሪ ውሃ አስፈልጎት ነው። መኪናው ላይ በካርቶን የታጨቁ ባዶ ጠርሙሶች ጭኗል።

ሸጊቱ ከሩቅ ለየችው።

"አስረስ አይደለህም እንዴ? እሰይ! እኔ እኮ ይመጣል ብያለሁ!" ብላ አገላብጣ ሳመችው። ገና ሳይቀመጥ በኩባያ ውሃ ሰጠችው።

አስረስ ኩባያውን ይዞ ቀረ። "ከየት ነው ውሃው?"

"ከጉድጓዱ ነዋ! አንተው ካሳየኸን።"

"እኔ? ዳገቱን ተውሽው እንዴ?"

"አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁላችንም ተውነው። ከምንጩ አንዴ ቀድተህ ከጉድጓዱ ሦስቴ ተመላለስክ። የተማረ ሰው መጥፎ ውሃ ላይ ሦስት ጊዜ አይመላለስም አልን። ደግሞስ መጥፎ ቢሆን መጥተህ ትነግረን አልነበር?"

ይህን እያለችው ቦንቱ ከጓሮ መጣች። ዱላ ተመርኩዛለች። ጉልበቶቿ ተጋጥመዋል፤ ከጉልበቷ በታች እግሮቿ ወደ ውጭ ሄደዋል። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንግዳውን አይታ ፈገግ ልትል አለችና የበለዙ ጥርሶቿን በእጇ ሸፈነች።

"እግሯን አመማት" አለች ሸጊቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ያልወሰድናት ቦታ የለም። ከምን እንደመጣባት የሚነግረን ጠፋ።" ከዚያ የአስረስን ፊት አየች። "ምነው ፊትህ ተለወጠ? ውሃው ጥሩ አልነበረም እንዴ?"

አስረስ ነገራት። ምንም ሳያስቀር፣ እያለቀሰ ነገራት።

ሸጊቱ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"በሄድኩ በሁለተኛው ወር።"

ልጇን ዞር ብላ አየቻት። "ያኔ ትሮጥ ነበር" አለች።

"ይቅር በይኝ" አላት። ኩባያውን ከእጁ ተቀብላ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። ከዚያ ጄሪካኗን አንስታ ወደ ዳገቱ መንገድ ጀመረች። አስረስ ተከትሎ ሊቀበላት እጁን ቢዘረጋ አልሰጠችውም። ቦንቱም እናቷን ልትከተል ዱላዋን ይዛ ተነሣች፤ ትንሽ ሄደች፣ ዳገቱ ሲጀምር ግን አልቻለችም። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እናቷ እስክትመለስ ጠበቀች።

ታሪኩ ይኸው ነው። አስረስ አልዋሸም፣ ማንንም ልጉዳ ብሎ አልተነሣም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ከሰዎቹ እጅ የወሰደውን ውሃ ውጤት ለሰዎቹ ሳይነግር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስቀመጠው። የሚያምኑት ሰዎች ደግሞ ዝም ሲላቸው ደህና ነው ማለቱ መሰላቸው። ከሰው ጠይቀን ያወቅነው ነገር መጀመሪያ የዚያ ሰው ነው፤ ዲግሪውም ጭብጨባውም ከዚያ በኋላ ይድረስ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። መጥቼ እነግርሃለሁ ብላችሁት እስከ ዛሬ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም? ሐኪም ብትሆኑ፣ መምህር ብትሆኑ፣ ዳኛ ብትሆኑ እስኪ አስቡት። ካለ፣ ቢዘገይም፣ ቢያሳፍርም ዛሬውኑ ንገሩት። እናንተ ዝም ባላችሁ ቁጥር እሱ ከየትኛው ጉድጓድ እየጠጣ እንደሆነ አታውቁም።