በቦዩ ውስጥ የቀረችው ሦስተኛ ድንጋይ

ከቀጨሞ መንደር በላይ፣ ሽማግሌዎች ለነገር በሚቀመጡበት ሜዳ መካከል፣ ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን አሉ። ለመቀመጫ አይመቹም፣ ጉልቻ እንዳይባሉም አንድ ይጎድላቸዋል። እንግዳ ሰው አዝኖላቸው ሦስተኛ ሊያመጣ ከተነሳ የቀጨሞ ሰው ይቆጣል። ሦስተኛዋ አልጠፋችም፤ የት እንዳለች ሁሉም ያውቃል።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ የቀጨሞ ፍርድ በድንጋይ ነበር። ነገሩ ተሰምቶ ጥፋቱ ሲታወቅ ዳኛው የጥፋተኛውን ስም እየጠራ ሦስት ድንጋይ አንድ በአንድ ከእግሩ ስር ያስቀምጣል፤ ሦስተኛዋ መሬት ከነካች በኋላ መመለስ የለም። የተፈረደበት ሰው ከውሃ ተራ ይፋቃል፣ እሱም ልጆቹም ከዚያ ወዲያ ቦዩን በእጃቸው አይነኩም። በቀጨሞ ያለ ውሃ መኖር ምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፤ ጓዝ ጠቅልሎ መሄድ ነው። ፍርዱ ለትንሹም ለትልቁም ጥፋት አንድ ነበር፤ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ያ ልማዱ ነው ብሎ የሚለይ አልነበረም።

በዚያ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች ይባላል። ባሏ የውሃ አባት ነበር፤ ተራ የሚያካፍል፣ ቦዩ ሲሸረሸር የሚደፍን። ወገቡን ታሞ ከተኛ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት፤ መንደሩም እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል። በአንድ የካቲት በርበሬዋ ጠወለገ። ተራዋ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው አላስችል አላት፤ በጎረቤቷ በደምለው ተራ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቦዩን አፍ የዘጋውን የጭቃ ድፋን በዶማ ከፍታ ውሃውን ወደ ማሳዋ መለሰችው። ደምለው ደረሰባት። እሷም አልካደችም።

በማግስቱ ዳኛው አባ ውብሸት ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ከጋራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ የሁሉም ዓይን ድንጋዮቹ ላይ ስለሆነ ልብ ያለው የለም።

«ከዚህ በፊት የሰው ነገር ነክታ ታውቃለች?» ብለው ደምለውን ጠየቁት።

«አታውቅም። አሁን ግን ነካች» አለ።

አባ ውብሸት ስሟን ጠርተው የመጀመሪያዋን አስቀመጡ። ሁለተኛዋንም አስቀመጡ። ሦስተኛዋን አንስተው እጃቸው ገና አየር ላይ እንዳለ ከላይ ጩኸት ተሰማ፤ በጋራው ላይ የጣለው ዝናብ ወርዶ ቦዩን ከአናቱ ቀዶታል። ከቅዱ ስር የመጀመሪያው ማሳ የደምለው ነው፣ ከሱ ቀጥሎ የመንደሩ ሁሉ። ሰው ተነስቶ ሮጠ፤ ዳኛውም ድንጋይዋን እንደያዙ ሮጡ።

ወንዶቹ አፈር ቢጥሉ ቅርንጫፍ ቢጥሉ ጎርፉ እየጠረገ ወሰደው። አንጓች ከዳር ቆማለች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አላት ደምለው።

«አባ ይንገሩኝ» አለች። «ተፈርዶብኝ ከሆነ እጄ ቦዩን አይነካም። ካልተፈረደብኝ እገባለሁ።»

ዳኛው በእጃቸው ያለችውን ድንጋይ አገላበጡ። ውሃው የደምለውን ሽንኩርት መንቀል ጀምሯል። በዚያች ሰዓት የደምለው ሆድ ምን ይል እንደነበር እሱ ነው የሚያውቀው፤ ከሳሹ እሱ፣ ማሳው የሚሄደው የእሱ።

«ሁለት ብቻ ነው የተጣለው» አለ በመጨረሻ፣ ከዳኛው ቀድሞ። «አልተፈረደም። ግቢ።»

ገባች። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ቅርንጫፍ አጋድማ፣ ጭቃ ከሣር እየለወሰች ደፈነችው፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ እምቢ አለቻት። ቀና ብላ «ያችን በእጅዎ ያለችውን ይስጡኝ» አለቻቸው። ሰጧት። ድንጋይዋ ልክክ ብላ ገባች፣ ጎርፉም ቆመ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። የተጀመረ ፍርድ በሌላ ድንጋይ አይጨረስም፤ ያችን ማውጣት ደግሞ ቦዩን መልሶ መቅደድ ነው። አባ ውብሸት ብዙ አስበው «ቦዩ ለጠረጋ የሚዘጋው በሚመጣው የካቲት ነው» አሉ። «እስከዚያ አንጓች ትጠብቀው። ያን ጊዜ ደምለው ገብቶ ድንጋይዋን ካወጣ እጥላታለሁ። ካላወጣ ነገሩ እንዳልተሰማ ይቆጠራል።»

ደምለው ተናደደ፤ ዓመቱን ሙሉ እግር በእግር ተከታተላት ይባላል። በጥር ውሃው ቀጠነ፣ የአንጓች በርበሬ ዳግመኛ ጠወለገ። በደምለው ተራ ዶማዋን ይዛ ድፋኑ አጠገብ ስትቆም እሱ ከአጋም ቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ ያያል። ዶማውን አነሳች። እሱም ሊጮህ አፉን ከፈተ። እሷ ግን ውሃ የሸረሸረውን በእሱ ማሳ በኩል ያለውን የቦይ ዳር መታ መታ አድርጋ ጠግና ሄደች። በርበሬዋ በዚያው ሳምንት ደረቀ።

የካቲት ደረሰ፣ ቦዩ ተዘጋ፣ ሰው ከዳር እስከ ዳር ተሰለፈ። አንጓች ባሏን ደግፋ አምጥታዋለች፤ ጓዟ ከቤት ታስሮ ነበር ይላሉ። ደምለው ወርዶ ድንጋይዋን በሁለት እጁ ያዛት። ነቀነቃት። አንጓች የባሏን ክንድ ጨበጠች።

«ታወጣታለህ?» አሉ ዳኛው።

«በርበሬዋ ሲደርቅ አይቻለሁ፣ አባ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ውሃው በእግሯ ስር ያልፍ ነበር። እኔ ብሆን እከፍተው ነበር።»

እጁን ጠርጎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በቀጨሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በትንሽ ነገር የተያዘ ሰው፣ የሰው ሣር ያጨደም ይሁን ከብቱን የሰው እርሻ ላይ የለቀቀ፣ በሁለቱ ድንጋዮች ፊት ስሙ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠራና በሦስተኛዋ ፈንታ ሌላ ድንጋይ በእጁ ትሰጠዋለች። በቦዩ ግድግዳ ውስጥ ይሰካታል፣ ዓመት ቦዩን ይጠብቃል፣ በየካቲት የተበደለው ሰው ወርዶ ይይዛታል። የወጡም አሉ፤ ክፍተታቸው በጭቃ ተደፍኖ ይታያል። ይህ ጥፋተኛን ማባበል ነው የሚል አይጠፋም። ይበል፤ እስቲ አንድ የካቲት ከዳር ቆሞ የዚያን የተበደለ ሰው እጅ ይጠብቅ።

የቀሩት ድንጋዮች ከአንጓች ድንጋይ ጀምሮ ወደ ታች ተደርድረው ውሃውን ይዘዋል። የቱ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። እኔም በዚያ ሳልፍ፣ በእጄ ሰክቼ ዓመት የጠበቅኋትን በእግሬ ጫፍ ነካ አደርጋታለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀችም።