ካራ ነው ሰው?

ከአዋሽ ማዶ፣ በሶዶ ምድር፣ ካራ ቤት የሚባል ኮረብታ አለ። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ የቢላዋ ሠሪዎች መንደር ይመስለዋል። በኮረብታው ላይ ግን አንድም አንጥረኛ ኖሮ አያውቅም፤ ያለው የመቃብር ትክል ድንጋይ ነው፣ በብዙዎቹም ላይ የተዘረጋ መዳፍ ተቀርጿል። በዚያ አገር በሽማግሌ ፊት የሚመሰክር ሰው ቀኝ እጁን በፊተኛው ድንጋይ መዳፍ ውስጥ ሳያሳርፍ ቃሉ አይሰማለትም። እጁን እንዳሳረፈም ዳኛው «ካራ ነው ሰው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልማዱ የመጣው ድንቄ ከምትባል ሴት ዝምታ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት አንድ አርመን ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደዚህ አገር መጣ። በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አባቱና ሦስት ወንድሞቹ በገዛ ደጃፋቸው በሰይፍ ሲታረዱ እሱ ከሬሳቸው ሥር ተኝቶ ተረፈ። ኮረብታው ላይ ሲደርስ፣ ማን እንዳቆማቸው የማይታወቅ የጥንት ትክል ድንጋዮች አየና ሸክሙን አወረደ። ነጋዴዎቹ ቢጠብቁት ቢጠብቁት ድንጋዩን በጣቱ መዳሰሱን አልተው ስላለ ጥለውት ሄዱ። አማርኛ ከለመደ በኋላ፣ ለምን እንደቀረ ሲጠይቁት «እኛ አገር ድንጋይ ሰው እስኪመስል ይፋቃል፤ የእናንተ አባቶች ግን ድንጋዩን ድንጋይ እንደሆነ አናገሩት» አለ ይባላል። እዚያው ጎጆ ቀልሶ፣ ለሞተ ሰው ሁሉ በጥንቶቹ አሠራር ድንጋይ ይጠርብ ጀመር። ስሙ ካራቤት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ ይል ነበር። በጥንቶቹ ድንጋዮች ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ የአገሩ ሰውም ሰይፉ ሟቹ የገደለው ሰው ቁጥር ነው ብሎ ያምን ነበር። የድንቄ ባል ዘበርጋ በወሰን ጠብ ዘጠኝ ሰው ገድሎ፣ በአሥረኛው በጦር ተወግቶ፣ አንጀቱን በእጁ ይዞ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ተዝካሩ እንደደረሰ ድንቄ ወደ ጠራቢው ሄደች።

«ዘጠኝ ሰይፍ ቅረጽልኝ። አንድ እንዳትጎድል።»

«አንተ ድንቄ» አላት፤ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነበር የሚለው፤ «ሰይፍ አልሠራም። ሰይፍ እኔ ጠግቤአለሁ።»

በሰይፉ ፈንታ የተዘረጋ መዳፍ ቀረጸ፤ ምንም ያልያዘ እጅ። ድንጋዩ በቆመ ዕለት የባሏ እህት ሰው ሁሉ እየሰማ «ምነው ድንቄ፣ ወንድሜ ለማኝ ነበር እንዴ?» አለች። «እጁን ዘርግቶ ቀረ እኮ። ኑ፣ ቆሎ እንዝገንለት።» ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንቄ በጠራቢው ደጃፍ ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የአገሩ ገዢ የፊታውራሪ ይርዳው የበኩር ልጅ በወንዝ መሻገሪያ ላይ ታርዶ ተገኘ። የፊታውራሪው ፈረሰኞች ካራውን የሠራውንና የያዘውን እንፈልጋለን እያሉ ሁለት መንደር አቃጠሉ፤ አንዱን ሽማግሌ በገዛ ግራሩ ላይ ሰቀሉት። በሦስተኛው ቀን ድንቄን ምንጭ ላይ ውሃ ስትቀዳ አገኟት። አለቃቸው ባሻ ሽብሩ ይባላል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያ ኳኳታ የሚሰማበት የማን ቤት ነው?»

«የካራቤት።»

ባሻው ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? የካራ ቤት ነው አለች።»

ድንቄ ገባት። «ስሙ ነው» ብትል ይበቃ ነበር፤ ቃሉም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የቆሎው ሳቅ ትዝ አላትና ጎንበስ ብላ ውሃዋን ቀዳች።

ፈረሰኞቹ ጎጆውን ከበው «ካራ የታለ?» ብለው ጮሁ። ሰውዬው ስሙን አሳጥረው የጠሩት መስሎት ወጣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔ ነኝ» አለ። አመነ አሉ። መሮዎቹንም ሲያዩ ሌላ ምስክር አልፈለጉም። በጢሙ ጎትተው፣ ጀምሮት በነበረው ድንጋይ ላይ ቀኝ እጁን ዘርግተው በመጥረቢያ መቱት። የመጀመሪያው ምት አጥንቱን አልበጠሰም፤ ሁለተኛው በጠሰው። ጎጆውን በእሳት ለቀቁበት።

ጩኸቱ ምንጩ ድረስ ተሰማ። ድንቄ እንስራዋን ጥላ ሮጠች። «ስሙ ነው! የሰውዬው ስም ነው!»

ባሻ ሽብሩ መጥረቢያውን በሣር እየጠረገ አያት። «ታዲያ ቅድም አፍሽን ምን ያዘው?»

እሷ መቀነቷን ፈትታ የተቆረጠውን ክንድ አሰረች። ልጁን ያረደው የፊታውራሪው የገዛ ወንድም መሆኑ ከወር በኋላ ታወቀ፤ እሱም ተሰቀለ። እጅ ግን መልሶ አይበቅልም።

ሰውዬው ከሞት ሲተርፍ ድንቄ ምንጩ ላይ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን መሮውን አንስቶ ሰጣትና መዶሻውን በግራ እጁ ጨበጠ።

«ያዝ» አላት።

«ያዢ በል» አላለችውም፤ ያዘች። አሥራ አንድ ዓመት እሷ መሮ እየያዘች፣ እሱ በግራው እየመታ፣ አብረው ድንጋይ ጠረቡ። ግራው ስቶ ጣቷን ሲሰብራት እጇን አንድ ቀን እንኳ አልሰበሰበችም። ከዚያ ወዲህ በተቀረጹት መዳፎች ላይ ያሉት ጣቶች የተቆለመሙት የእሷን ጣቶች እያየ ስለቀረጸ ነው ይላሉ።

ሲሞት ድንጋዩን ብቻዋን ጠረበችለት፤ መዳፉንም የራሷ የተቆለመመ እጅ እስኪገባበት ድረስ ወደ ውስጥ ቆፍራ ድንጋዩን ከሌሎቹ ፊት አቆመችው። ከዚያ አገሩን ሰብስባ፣ ቀኝ እጇን ከተተችና ምንጩ ላይ ዝም ያለችውን ተናገረች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለመሆኑ ካራ ነው ሰው ያልሻቸው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሰው ነበር» አለች።

ዛሬ የሚመሰክር ሁሉ «ሰው ነው» ብሎ ይመልሳል፤ «ነበር» ያለች እሷ ብቻ ናት ይባላል። ድንጋዩ ከብዙ እጅ የተነሣ ልስልስ ብሏል። ቀጥ ያለ ጣት ግን አሁንም አይገባበትም፤ ምስክሩ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት እስኪያመው ድረስ ጣቶቹን መቆልመም አለበት።